ሰው አይሰማንም ወይ?

ይህን ምዕራፍ ከየት እንደምጀምረው የገባኝ ደባርቅ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ካለች አንዲት ሞባይል ቤት ተራዬን ስጠብቅ ነው። የእኔ ጉዳይ የቻርጀር ገመድ ነበር። ከፊቴ የነበሩት እናት ግን ከዳባት ወዲያ ካለ ቀበሌ በሌሊት ተነሥተው የመጡ ናቸው። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው በመሐረብ የታሰረ ነገር አወጡ። መሐረቡ ሲፈታ አዲስ ስልክ ነው፤ የስክሪኑ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ቤይሩት ያለች ልጃቸው በሰው እጅ የላከችላቸው።

“እስቲ ልጄን አውጣልኝ፣ የኔ ጌታ” አሉት ሻጩን።

“እሺ እማማ፣ ዋትሳፕ እከፍትልዎታለሁ። ሲሙ በስምዎ ነው?”

በስማቸው ነበር። ስድስት ቁጥር ያለው ኮድ በቴክስት ገባ፤ ስልኩ በእሱ እጅ ስለሆነ እሱው አነበበው፣ እሱው አስገባው። ቀጥሎ ከመስታወቱ ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣና ቁጥራቸውን መዘገበ። ደብተሩን አሻግሬ አየሁት። በየመስመሩ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ጂሜይል፣ ከጎኑ ደግሞ ፓስዎርድ። ልጁ ክፉ አይደለም። ሰው ፓስዎርዱን እየረሳ ስለሚመላለስበት ነው የሚጽፍላቸው፤ ለዚህ አገልግሎት ሰባራ ሳንቲም አይጠይቅም።

እናትየው ስልኩን ተቀብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ሰው አይሰማንም ወይ?”

“አይሰማም እማማ። በቁልፍ ነው የሚሄድ።”

መልሱ ልክ ነው፣ መንገዱን በተመለከተ። ደብተሩ ግን መንገድ ላይ አልነበረም።

እስቲ መንገዱን እንከተለው። እናትየው የማይክሮፎኗን ምልክት ተጭነው “እንዴት ነሽ ልጄ፣ ጤናሽን ነሽ?” ብለው ለቀቁ እንበል። ድምፃቸው ገና ስልኩ ውስጥ ሳለ ወደ ቁጥር ይለወጣል፣ ቁጥሩ ደግሞ ትርጉም ወደሌለው ዝብርቅርቅ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ አንቴናው የሚወጣው፤ በዳባት አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እኛ ባሕር ስለሌለን በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ሥር ገመድ፣ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተሮች፣ በመጨረሻም ቤይሩት። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ያለ ሰው ዝብርቅርቁን መቅዳት ይችላል፤ “እንዴት ነሽ ልጄ” የሚለውን ግን አያገኝም። መልእክቱ ድምፅ የሚሆነው ልጅቱ ስልክ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ የሚባለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ “እናትና ልጅ ተገናኝተው ቁልፍ ሳይቀባበሉ እንዴት ይሆናል?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ልጆች ሳለን የወፍ ቋንቋ እናወራ ነበር፤ በየፊደሉ መካከል ባዕድ ድምፅ እየሰነቀሩ ቃሉን ማወላገድ። ሕጉን ያላወቀ አይሰማም፤ ያወቀ ሁሉንም ይሰማል። እህቴ አንድ ቀን ተቆጥታ ሕጉን ለእናታችን ነገረቻትና ቋንቋችን በዚያው ዕለት ሞተ። ለብዙ ሺህ ዘመን የዓለም ምስጢራዊ ጽሕፈት ሁሉ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር፦ ላኪና ተቀባይ አስቀድመው አንድ ምስጢር መካፈል ግድ ነበረባቸው። (ሰምና ወርቅን የምስጠራ ቅድመ አያት የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ወርቁን ለማግኘት ጆሮ ይበቃል፤ ጆሮ ደግሞ ዳኛውም ጠላቱም አላቸው።)

ይህን ቋጠሮ እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ፈቱት። ሒሳቡን ትተን በጓጉንቸር እናስበው። ጓጉንቸር ለመቆለፍ ቁልፍ አያስፈልግም፤ ጠቅ ማድረግ ነው። ለመክፈት ነው ቁልፍ የሚያሻው። ልጅቱ ዋትሳፕ የከፈተች ዕለት ስልኳ ብዙ ክፍት ጓጉንቸሮች ሠርቶ በኩባንያው መጋዘን አስቀምጧል፤ መክፈቻዎቹ ግን ከስልኳ አልወጡም። የእናትየው ስልክ ከመጋዘኑ አንድ ጓጉንቸር ወስዶ ሳጥኑን ይቆልፍና ይልካል። መጋዘን ጠባቂው ሳጥኑን ተሸክሞ ያደርሳል፣ መክፈት ግን አይችልም። ከዚያ በኋላ ለየመልእክቱ አዲስ ቁልፍ ይወጣል፣ አሮጌው ይጣላል፤ ዛሬ አንዱን ቁልፍ የሰረቀ ሌባ የትናንቱን ሳጥን አይከፍትበትም። አሠራሩን የነደፉት ሲግናል የሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ሰዎች ናቸው። ዋትሳፕ ይህንኑ ተውሶ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 ለተጠቃሚው ሁሉ አዳረሰው።

አንድ ቀዳዳ ቀርቷል። መጋዘን ጠባቂው የልጅቱ ነው ብሎ የራሱን ጓጉንቸር ቢሰጥስ? እዚህ ላይ ማኅተም ያስፈልጋል። በ1847 ዓ.ም. እዚሁ ስሜን፣ ደረስጌ ማርያም የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ እንደ ነገሥታቱ ሁሉ ደብዳቤያቸውን በማኅተም ይልኩ ነበር። ማኅተም ወረቀቱን ሰው እንዳይከፍተው አያግድም፤ ደብዳቤው የማን እንደሆነ ነው የሚናገር። ዋትሳፕና ሲግናል ላይ የዚህ ወንድም የሆነ ባለ 60 አሃዝ ቁጥር አለ። እናትና ልጅ ሁለቱም ስልክ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆነ መሐል የገባ የለም። 60 ቁጥር ለልጁ በስልክ ያነበበ የደባርቅ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እውነት ለመናገር እኔም በሕይወቴ ሁለቴ ብቻ ነው ያደረግሁት።

አሁን ስለ ቴሌግራም። እዚያው ሱቅ ውስጥ ከኋላዬ የነበረ የቱሪስት አስጎብኚ ወጣት የሻጩን መልስ ሰምቶ “ለምስጢርማ ቴሌግራም ነው” አለ። ይህን ከብዙ የተማረ ሰው አፍ ሰምቻለሁ፤ ስሕተት ነው። ቴሌግራም ላይ በተለምዶ የምንጻጻፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። መልእክቱ በመንገድ ላይ ይቆለፋል፤ ነገር ግን የሚቀመጠው በኩባንያው ኮምፒውተር ነው፣ መክፈቻውም በኩባንያው እጅ ነው። “ሲክሬት ቻት” የሚባለው ብቻ ነው እንደ ዋትሳፕ የሚሠራው፤ እሱም ፈልገው ሲከፍቱት፣ በሁለት ሰው መካከል ብቻ። ግሩፕና ቻናል በዚህ መንገድ መቼም አይመሰጠርም።

ይህ ታዲያ ያለ ጥቅም አይደለም። የዚያ አስጎብኚ ስልክ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ሆኖ ጭላዳ ሲያነሣ ከእጁ አምልጦ ገደል ቢገባ፣ ማታ ደባርቅ ወርዶ በሌላ ስልክ ቴሌግራሙን ቢከፍት የቱሪስቶቹ ስም፣ የበቅሎው ሒሳብ፣ ፎቶው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ለምን? ኩባንያው ዘንድ ስላለ። ዕቃዬን ሰው ጠብቆልኝ ይቆይ ካልን፣ ያ ሰው ዕቃውን ሊያየው እንደሚችል ተቀብለናል። የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ፓሪስ ላይ ተያዘ፤ በቀጣዩ ወር ኩባንያው ሕጋዊ ትእዛዝ ሲመጣለት የሕግ ጣሾችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ ለባለ ሥልጣናት እንደሚሰጥ ደንቡን አሻሻለ።

ከዚህ የባሰው ግን ኮዱ ነው። የቴሌግራም አካውንት ያለው ሰው ማነው? በቴክስት የመጣውን ኮድ ያስገባ ሰው ነው። ቴክስት ደግሞ በስልክ ኩባንያ በኩል ተነባቢ ሆኖ የሚያልፍ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሞስኮ ውስጥ የሁለት ተቃዋሚዎች የቴሌግራም አካውንት በአንድ ሌሊት ተከፈተ፤ ኮዱ የተላከበት ቴክስት እነሱ ዘንድ አልደረሰም። በእኛ አገር ግን ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም፤ “ወንድሜ በስሕተት ወደ አንተ ኮድ ልኬ ነበር፣ እስቲ ላክልኝ” ይበቃል። ስንቱ ሰው አካውንቱ ተወስዶ ለዘመዶቹ ሁሉ “ብር አበድሩኝ” ሲል አደረ! መድኃኒቱ ሁለተኛ ፓስዎርድ ማድረግ ነው፤ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚሉት። ኮዱን የሰረቀ ሰው ያቺን ካላወቀ በር ላይ ይቀራል።

መንገዱን ይህን ያህል ካየን ወደ ጫፎቹ እንሂድ፤ የእኛ አገር ታሪክ የሚያስተምረው እዚያ ነውና።

ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች በስካይፕ ፋይል ደረሳቸው። ጽሑፍ ይመስላል እንጂ የስለላ ፕሮግራም ነበር። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ መርምሮ፣ ፕሮግራሙ ሀኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሚሸጠው ሸቀጥ መሆኑን ይፋ አደረገ። ዓመት ከመንፈቅ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ሀኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈና የኢሜይል ክምሩ አደባባይ ወጣ፤ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ ደንበኛው እንደነበረ ደብዳቤውም ደረሰኙም መሰከረ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ጓጉንቸሩን አይታገልም። አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከገባ የሚጻፈውን ገና ሳይመሰጠር ያነባል፣ ማይክሮፎኑን ይከፍታል። ሳጥኑ ከመቆለፉ በፊት ትከሻ ላይ ሆኖ ማየት ማለት ነው።

ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም የተጠራ ሰው፣ የተከሰሰበት ሳይሆን የከሰሰበት ጉዳይ ደግሞ አለ። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነው። በኢሜይል በመጣ የወርድ ፋይል አማካይነት ፊንስፓይ የተባለ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2012 እስከ ማርች 2013 የስካይፕ ጥሪዎቹን ሲቀዳ እንደቆየ፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ የፈለገውን ሳይቀር ወደ ኢትዮጵያ እንዳሻገረ ገልጾ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ጉዳዩን ዘጋው። ምክንያቱም ድርጊቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው አሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመም፣ ስለዚህ የውጭ መንግሥት አይከሰስም የሚል ነው። በጠላፊውና በተጠላፊው መካከል ያለው ውቅያኖስ ለጠላፊው ምሽግ ሆነለት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሲትዝን ላብ ሦስተኛ ሸቀጥ አጋለጠ፤ የእስራኤሉ ሳይበርቢት። ማጥመጃው ቪዲዮ ለማየት “ፍላሽ ፕሌየርዎን ያድሱ” የሚል የሐሰት ገጽ ነበር፤ ከታለሙት አንዱ ያን ጊዜ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ መሪ የነበረው ጃዋር መሐመድ ነው።

ሦስቱም አንድ ጠባይ አላቸው፦ በሩን የከፈተው ባለቤቱ ነው፤ ነካ አደረገ፣ አወረደ፣ አደሰ። ይህም ቢሆን ያለፈ ዘመን እየሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤን ኤስ ኦ የተባለው ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም፣ ፔጋሰስ፣ በዋትሳፕ ጥሪ በኩል 1,400 ያህል ስልኮች ላይ ተነጣጥሮ ነበር፤ ስልኩን ማንሣት እንኳ አያስፈልግም። ግን እንዲህ ያለው መሣሪያ ውድ ነው፣ ለሁሉም አይተኮስም። የዳባት እናት ፔጋሰስን ፈርተው እንቅልፍ ማጣት የለባቸውም። እሳቸውን የሚመለከተው ሌላው ጫፍ ነው፦ ቤይሩት፣ ኩሽና ውስጥ፣ ስልኩ በማን እጅ ነው? ማዳም ስልክ የምትቀማበት፣ ከፍታ የምታይበት ቤት ብዙ ነው። በዓለም ምርጡ ምስጠራ ለማዳም እጅ መልስ የለውም። የሚጠፋ መልእክት ማብራት፣ ስልኩን በፓስዎርድ መዝጋት ትንሽ ይረዳል። ኬላ ላይ “ስልክህን ክፈት” ለተባለ መንገደኛም እንዲሁ፤ የሌለ መልእክት አይነበብም።

የታላላቆቹም ጫፍ ያፈሳል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካ የደኅንነት አማካሪና የመከላከያ ሚኒስትር ስለ የመን ጥቃት በሲግናል ሲመክሩ፣ ግሩፑ ውስጥ የአትላንቲክ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ጄፍሪ ጎልድበርግ ተቀምጦ ያነብ ነበር። ራሳቸው ናቸው ያስገቡት። ሲግናል ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ መልእክቱን ለተጋበዘው ሁሉ፣ ለሌላ ለማንም ሳያሳይ አደረሰ። ሁለት መቶ ሰው ባለበት የዕድር ግሩፕ “ይህ በእኛ መካከል ይቅር” ብሎ የሚጽፍ ሰው ባየሁ ቁጥር ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለው ትዝ ይለኛል፤ ስሜን ላይ አፋፍ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ተረቱ ይከብዳል።

ቁልፍ መያዝ ራሱ ያስጠረጠረበት ጊዜም ነበር። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ፤ ሐምሌ ላይ በሽብር ሲከሰሱ ከማስረጃው አንዱ “ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ” በሚባል የዲጂታል ጥንቃቄ ማስተማሪያ መሠልጠናቸው ነበር። ስልክንና ኢሜይልን እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል መማር በክስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም እንደሚል የሚያውቁ ዳኞችና ጠበቆች በሞሉበት ችሎት ማለት ነው። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። በእኔ ግምት ከዚያ ክስ የተረፈው ትልቁ ጉዳት፣ “የሚደብቅ ሰው የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው” የሚለው ወሬ በየቤቱ መግባቱ ነው። ያቺ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጠየቁት የሚደብቁት ወንጀል ስላላቸው አልነበረም።

የደብዳቤው ውስጥ ከተዘጋ፣ ፖስታው ላይ ያለው አድራሻ ይቀራል። ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ከየት ሆኖ። ቴሌ ያቺ ስልክ ደባርቅ አንቴና ላይ እንደነበረች፣ ከዋትሳፕ ጋር በስንት ሰዓት እንደተገናኘች ያያል፤ ከማን ጋር እንደተነጋገረች ግን ከዚያ አያገኝም። ያንን የሚያውቀው የዋትሳፕ ባለቤት ሜታ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ የጸጥታ ሰዎች የስልክ ጥሪ መዝገብ በቀላሉ ያገኙ እንደነበርና ምርመራ ላይ “ከእገሌ ጋር ለምን ተደዋወልክ?” ይባል እንደነበር ጽፏል። ምን እንደተባባሉ መስማት ግድ አይልም፤ ዝርዝሩ ይበቃል። እዚህ ላይ ሲግናል ከሁሉም ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ስለ አንድ ተጠቃሚ ያለህን ሁሉ አምጣ ሲለው፣ ሊሰጥ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ስለማያስቀምጥ። እኔም ከጠየቃችሁኝ ሲግናልን እመክራለሁ፤ ችግሩ ደባርቅ ላይ ሲግናል የምልክለት አንድ ሰው ብቻ ነው ያለኝ፣ እሱም ያስገባሁለት እኔ ነኝ።

ይህ ሁሉ መንገድ ሲኖር ነው። በየካቲት 2015 ከኦርቶዶክስ ቤተ ክህነቱ ውዝግብ ጋር ተያይዞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲዘጉ እስከ ሐምሌ አምስት ወር ቆየ፤ ሰው በቪፒኤን ተሻገረ። ቪፒኤን ሁነኛ መሻገሪያ ነው፤ ግን ከቴሌ የሸሸግነውን ለቪፒኤኑ ባለቤት እያሳየን መሆኑን፣ ነፃ የሆነው ደግሞ ሒሳቡን በሌላ መንገድ እንደሚያወራርድ ማሰብ ይገባል። ከዚያ የሐምሌ 2015 መጨረሻ መጣ። አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ የሞባይል ዳታ ተቆረጠ፣ ለወራትም ሳይመለስ ቀረ። ዳታ ከሌለ ቪፒኤንም ዋትሳፕም ሲግናልም አንድ ናቸው። በዋትሳፕ ቀጠሮ ይቀበል የነበረ አስጎብኚ፣ እሱን ተከትሎ የሚበላው በቅሎ ነጂ፣ ወጥ ሠሪ፣ ስካውት ሁሉ ሥራ ፈታ። ያኔ ሰው ምን አደረገ? ወደ ተራ ጥሪና ቴክስት ተመለሰ፤ ማለትም የስልክ ኩባንያው ሊያየው ወደሚችለው መንገድ። ኢንተርኔት መዝጋት ዝም ያሰኛል ሲባል እሰማለሁ። እኔ እንደማየው ከዝምታው ይልቅ የሚከፋው ቁልፍ ያለውን በር ዘግቶ ሕዝቡን በሙሉ ቁልፍ ወደሌለው በር መምራቱ ነው። (ከ1997 ምርጫ በኋላ ደግሞ ያችኑ ቴክስት ለሁለት ዓመት ያህል አጥተናት ነበር።)

ወደ ሞባይል ቤቷ ልመለስ። ገመዴን ገዝቼ ልወጣ ስል አላስችል አለኝና ሻጩን “ለእማማ ሁለተኛውን ፓስዎርድ አድርግላቸው እንጂ፤ ቢሰረቅባቸውስ?” አልሁት። ሐሳቡ ደስ አለው። ሴቲንግ ገባ፣ “ሊንክድ ዲቫይስ” የሚለውንም ከፍቶ ሌላ ኮምፒውተር እንዳልተያያዘ አሳየኝ። ከዚያ ስድስት ባዶ ነጥብ ያለው ገጽ መጣ።

“እማማ፣ የማይረሱት ስድስት ቁጥር ይምረጡ። ለማንም የማይነግሩት።”

እናትየው ጥቂት አሰቡ። ፊታቸው በራ።

“የልጄ የልደት ቀን ይሁን! በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ነው የወለድኋት፤ በ92። ዐሥራ ስድስት በለው፣ የካቲትን ስድስተኛ በለው፣ ዘጠና ሁለት በለው” አሉ፣ ሱቅ ውስጥ ያለነው ሁሉ እስክንሰማ።

ሻጩ አስገባው። ከዚያም እንዳይረሱት ብሎ ደብተሩን ሳበ።